ሰው የማይመታ ቡጢ

የቦክስ ስፖርተኞች የሚለማመዱባት አንዲት ትንሽ የቆዳ ኳስ አለች። አንገቱ ወደ ላይ የተንጠለጠለ ቅል ትመስላለች። በቆዳው ውስጥ አየር የተነፋ ላስቲክ አለ። ከበላይዋ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ወፍራም ጣውላ ይታሰራል። ኳሷ ከጣውላው ሥር፣ በሰው ፊት ቁመት ልክ ትሰቀላለች። የተሰቀለችበት ብረት ወዲያና ወዲህ እንደ ልብ ያወዛውዛታል። ሰውየው በጡጫው ሲነካት ሄዳ ጣውላውን ትመታለች። ተመልሳም ትመታለች። በውጭ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ሲሰማ ከበሮ ይመስለዋል።

ስሟን የቡጢ ኳስ እንበላት። ሌላ ደግሞ ትልቅ ከረጢት አለ። እሱ እንደ ጆንያ ረጅምና ከባድ ነው፤ ጉልበት ይፈተንበታል። የቡጢ ኳስ ግን ጉልበት አትወድም። በኃይል ከመቷት ትወናጨፋለች። አንዳንዴም ተመልሳ አፍንጫ ትመታለች። የምትፈልገው ጊዜን ጠብቆ መንካት ብቻ ነው።

ይህን የማነሣው አንባቢ ሁሉ ቦክሰኛ ይሁን ብዬ አይደለም። ቦክስ ሰው ያቆስላል፤ ለሁሉም አይሆንም። የምነግራችሁ በዚህች ኳስ ሙዚቃ ስለ መጫወት ነው። እኔ ተጫውቼባታለሁ። ሠርግ ላይ ሳይቀር ተጫውቼባታለሁ። የሠርጉን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ፤ ቀላል ሠርግ አልነበረም።

ተወልጄ ያደግሁት በጣና ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ዳር በጀልባ በሚደረስበት ገጠር ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ገባሁ። ጧት ጧት ከታንኳ እንጨት አወርዳለሁ። ደንገል ታንኳ ላይ የሚጫነውን የእንጨት ብዛት ያየ ያውቀዋል፤ ወገብ ይቆርጣል። ማታ ማታ ደግሞ የሰፈር ወጣቶች ቦክስ ወደሚለማመዱበት አንድ የኪራይ አዳራሽ መሄድ ጀመርሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ዝናብ ለመጠለል ነበር። ኋላ ግን የኳሷ ድምፅ ያዘኝ።

አሠልጣኙ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። እጄን በፋሻ ጠቀለሉልኝና ከኳሷ ፊት አቆሙኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልያዝ አለችኝ። የእጄ አንጓ ተላጠ። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ በዓይንህ አትከተላት፤ አትደርስባትም። ጆሮህን ስጣት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳሷን አንድ ጊዜ ስትመታት ጣውላውን ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። መጀመሪያ ወደ ማዶ ሄዳ ታንኳኳለች፤ አንድ። ወደ አንተ መጥታ ታንኳኳለች፤ ሁለት። እንደገና ወደ ማዶ ሄዳ ታንኳኳለች፤ ሦስት። ከዚያ ወደ አንተ ስትመለስ ትመታታለህ። ዓይን ይህን አይቆጥርም፤ በጣም ፈጣን ነው። ጆሮ ግን ይቆጥረዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ምት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ምት። በአራቱም አቅጣጫ ሌላ ሐሳብ ካለህ ወዲያው ትጠፋብሃለች።

አንድ ማታ ይህን እየቆጠርሁ ሳለ ከጎረቤት ሙዚቃ ቤት የእስክስታ ዘፈን ተከፈተ። እጄ ሳላዘው ዘፈኑ ውስጥ ገባ። ደንግጬ አቆምሁ። እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና ገባ። እኔ ምሥጢሩን የተረዳሁት በኋላ ነው። የእኛ አገር እስክስታ የሚመታበት ምት ችክችካ ይባላል። ችክችካ በሦስት በሦስት የሚሄድ ምት ነው። ኳሷም በሦስት በሦስት ታንኳኳለች። ማን አስማማቸው? ኳሷ የፈረንጅ ናት፣ ችክችካ የእኛ ነው። ሁለቱ ግን እንደ ወንድምና እህት ይገጥማሉ። ከፈለጋችሁ አንድ የእስክስታ ዘፈን ሲዘፈን ጉልበታችሁን በመዳፋችሁ እየመታችሁ ቁጠሩት፤ ታገኙታላችሁ።

እናቴ በሰፈራችን ሠርግ ከበሮ የምትመታ ሴት ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጎኗ ቁጭ ብዬ አድጌአለሁ። ለካ ጆሮዬ ሲማር ኖሯል። ከበሮ ላይ የተማርሁትን ሁሉ ወደ ኳሷ አመጣሁት። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ኳሷ አንድ ድምፅ ብቻ አላት። ስለዚህ ድምፅ ለመለዋወጥ አንዴ በጡጫ፣ አንዴ በክርን፣ አንዴ በጡጫ ጎን ይነኳታል። አንዱ ላላ ያለ፣ ሌላው ጠበቅ ያለ ድምፅ ያወጣል። አጀማመሩንም ከማኅሌት ነው የወሰድሁት። ደብተራዎቹ መረግድ ላይ ከበሮውን በቀስታ ይመታሉ፤ ጽፋት ላይ ሲደርሱ ይፈጥናል። ከመጀመሪያው የሮጠ ሰው ኋላ የሚጨምረው ያጣል። ተመልካችም ይሰለቻል።

እኔ የፈጠርሁት ነገር መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ግን ፈረንጆች ቀድመውኛል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1890ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ቲያትር ቤቶች የቡጢ ኳስ በሙዚቃ እየመቱ ሕዝብ የሚያዝናኑ ሰዎች ነበሩ። ሴቶችም ነበሩባቸው። ከዘፋኙና ከአስቂኙ መካከል ተራቸውን ጠብቀው መድረክ ይወጣሉ፤ የሙዚቃ ጓዱ ይመታል፤ እነሱ ኳሷን ያናግሯታል። ከ1962 እስከ 1964 የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ሶኒ ሊስተን ገመድ የሚዘለው በሙዚቃ ነበር። «ናይት ትሬን» የሚባል ሙዚቃ ያስከፍትና ሰው እያየው ይዘላል። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ደግሞ በ1952 ቦክሱን አቁሞ በመድረክ ላይ የእግር ጭፈራ ያዘ። በ1955 ተመለሰና የዓለም ሻምፒዮንነቱን እንደገና ወሰደ። ጭፈራው እግሩን አላበላሸበትም ማለት ነው።

ስለ ቦክስ ካነሣን፣ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዚያው ኦሎምፒክ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በቦክስ ወርቅ ወስዷል። ኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለው እሱ ነው። አገራችንም በ1964 ዓ.ም. ወደ ሙኒክ፣ በ1972 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ኦሎምፒክ ቦክሰኞች ልካለች። ስለዚህ ነገሩ ለእኛም ባዳ አይደለም።

ለእኛ ቀበሌ ግን ባዳ ነበር። ችግሩም ከዚህ ይነሣል።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ በድንበር ጠብ ተገድሏል። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ደርቋል፤ ካሳም ተከፍሏል፤ መሐላም ተምሏል። ሆኖም የገጠር ሰው ያውቀዋል፤ ደም ከደረቀ በኋላም ሁለቱ ቤት እየተያየ ነው የሚኖረው። ገበያ ላይ ማን ምን ገዛ፣ የማን ልጅ ረዘመ፣ ይታያል። እኔ ባሕር ዳር ቦክስ እንደምማር ወሬው በጀልባ ተሻግሮ ደረሰ። «ልጁን ለደም ነው የሚያሳድገው» ተባለ። እዚያ ቤት ያሉ ወጣቶችም ዱላቸውን አወፈሩ አሉ።

አባቴ ይህን ሰምቶ ወደ ከተማ መጣ። ሳይነግረኝ አዳራሹ ገባና አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ዱላውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ረጅም ጊዜ አየኝ። ስጨርስ ላቤን እየጠረግሁ ቀረብሁ።

«ይኸ ነው የምትማረው?»

«አዎ አባባ፣ ይኸው ነው።»

«ሰውም ትመታለህ?»

«ልምምድ ላይ እንማታለን። እኔ የምወደው ግን ኳሷን ነው።»

ዝም አለ። ኋላ፣ «እኔ ገብቶኛል» አለ። «እነሱ ግን ያላዩትን ነገር ነው የሚፈሩት። ወይ ተወው፤ ወይ ይዩት።»

መተው አልቻልሁም። ስለዚህ እንዲያዩት ሆነ።

በጥር 2004 ዓ.ም. እህቴ ተዳረች። አባቴ የዚያን ቤት ሰዎች ጠራ። እኔም ኳሷንና ጣውላዋን በጆንያ ጠቅልዬ በጀልባ ተሳፈርሁ። ዳሱ ውስጥ መስቀሉ ራሱ ጣጣ ነበር። ጣውላው ከተንቀጠቀጠ ኳሷ ትሞታለች፤ ድምፅም አትሰጥም። የዳስ ምሰሶ ደግሞ ቀጭን ነው። ሁለት ወፍራም ግንድ አስተክዬ፣ በላዩ አግዳሚ አሳስሬ፣ ጣውላውን ከሥሩ መታሁና ከአግዳሚው በላይ ሁለት ኩንታል እህል አስጫንሁበት። ያኔ ጸጥ አለ። አንድ አክስቴ አይታ፣ «ልጃችን አዝማሪ ሆኖ ቀረ!» ብላ አዘነች። አዝማሪው እዚያው ቁጭ ብሎ ማሲንቆውን ይቃኛል። ሰምቶ ሣቀ እንጂ አልተቀየመም። ይህን ንቀት የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ ብሆን እንጃ።

ከምሳ በኋላ ጋቢዬን አውልቄ እጄን በፋሻ መጠቅለል ስጀምር ዳሱ ዝም አለ። ከዚያኛው ቤት ሁለት ወጣቶች ተነሥተው ቆሙ። ፋሻ መጠቅለል ለማያውቅ ሰው ለጠብ መዘጋጀት ይመስላል፤ እውነታቸውን ነው። አባቴ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ «ተቀመጡ ልጆቼ። የሚመታው ቆዳ ነው» አለ። አንዱ ተቀመጠ። ሌላው ቆሞ ቀረ።

እናቴ ከበሮዋን በቀስታ ጀመረች። አዝማሪው ገባ። እኔም አንዴ ነካኋት፤ ሦስት አለች። አንዴ ነካኋት፤ ሦስት አለች። ሕፃናቱ መጀመሪያ ሣቁ። ቀጥሎ ሴቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። እናቴ ስታፈጥን እኔም አፈጠንሁ። በክርን ስለውጥ እሷ በጠባቡ ፊት ትመልሳለች። የት እንደተማርነው እንጃ፤ ተጠያይቀን አናውቅም። ትከሻ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዲት አሮጊት ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እስክስታ ወረዱ። የቆመው ወጣት ግን ትከሻውም አልተነቃነቀም።

ስጨርስ የዚያ ቤት ታላቅ ሽማግሌ በእጃቸው ጠሩኝ። ሄድሁ። እጄን ይዘው ፋሻውን አስፈቱኝ። የጣቴን አንጓ አንድ በአንድ ዳሰሱት።

«ይኸ እጅ ሰው ቢመታ ይጎዳል?» አሉኝ።

«ይጎዳል አባባ» አልሁ። መዋሸት አላስፈለገኝም።

«ታዲያ ለምን ብለህ ተማርኸው?»

«ድምፁን ወድጄ ነው።»

ተነሡ። ዱላቸውን ለልጃቸው ሰጡ። ወደ ኳሷ ሄደው በጡጫቸው አንድ ጊዜ በኃይል አሏት። ቀድሜ ልነግራቸው አልደረስሁም። ኳሷ ጣውላውን መትታ ተመለሰችና ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ አወረደችው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። የሽማግሌ ባርኔጣ በደመኛ ቤት ዳስ ውስጥ መሬት ወድቋል። እናቴ እጇን ከበሮው ላይ እንዳደረገች ቀረች። የቆመው ወጣት አንድ እርምጃ ተራመደ። እኔ ጎንበስ ብዬ ባርኔጣውን ላነሣ ስል፣ «ተወው፣ ተወው» አሉኝ። ቀና ስል ሽማግሌው ይሥቃሉ። ጥርስ በሌለው አፋቸው ይሥቃሉ። «ይቺ እኔንም አልፈራችኝ!» አሉ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሣቀ። አባቴም ሲሥቅ አየሁት፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ልላችሁ አልፈልግም። ያ ወጣት እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ሰላምታው አጭር ነው። አባቴም የቦክስን ነገር አልወደደውም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ሰው ላኩብኝ። «ያቺን ባለጌ ኳስ ይዞ ይምጣ» ነበር መልእክቱ።

ለዚያ ሠርግ ስዘጋጅ የኳሷ ላስቲክ ተቀደደ። አዲስ ልግዛ ብል በከተማው አላገኘሁም። ባሕር ዳር ብስክሌት የበዛባት ከተማ ናትና የብስክሌት ጎማ ለሚለጥፍ አንድ ልጅ ወሰድሁለት። ላስቲኩን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ አገኘ። ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ለጠፈው። ከዚያ ነፋነውና አዳራሹ ድረስ አብሮኝ መጥቶ ሰቀልናት። «እስቲ ምታት፣ ልስማት» አለኝ።