የመንገድ ወዳጅ

ሰው ወዳጁን የት ያገኛል? አንዱ በጎረቤት ያገኛል። አንዱ በማኅበር ያገኛል። አንዱ ደግሞ በመንገድ ላይ ያገኛል። ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ መንገድ ወዳጅ ነው።

እኛ ሁለት አስተማሪዎች በዚህ ክረምት በጉና ተራራ ግርጌ ፊደል እናስተምራለን። ከተማሪዎቻችን አንዱ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ ገበሬ ናቸው። ገብስና ድንች ያመርታሉ። ሰው ሁሉ «አያ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው እንላቸዋለን።

አንድ ቀን ለንባብ ትምህርት የጥንት ታሪክ ጽፈን መጣን። ታሪኩ እንዲህ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1843 ሁለት እንግሊዞች በግብፅ አገር፣ ስዊዝ በምትባል ከተማ ተገናኙ። አንዱ ዋልተር ፕላውደን፣ ሌላው ጆን ቤል ይባላሉ። ሁለቱም መንገደኞች ነበሩ። የዓባይን ምንጭ እንፈልግ ብለው አብረው ወደ አገራችን መጡ። በዚያ ዘመን ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ መቀመጫ ነበረች። ቤል በራስ ዓሊ ዘንድ ቀረ፤ አገር ለመደ፣ ትዳር ያዘ። ፕላውደን በ1847 ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሄድ ቀይ ባሕር ላይ መርከቡ ተሰበረ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች። በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተመልሶ መጣ። ራስ ዓሊ ዘንድ ሲደርስ ያንን የመንገድ ወዳጁን አገኘው።

ኋላ ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ሆነ። ቤል የንጉሡ ባለሟል ሆነ፤ ሊቀ መኳስም ተባለ። በ1860 ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በሸፍቶች ተወግቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ቤልም ከንጉሡ ጎን ሆኖ ሸፍቶቹን ሲወጋ ወደቀ። በአንድ መንገድ የተገናኙት ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት አለፉ።

ንባቡ ሲያልቅ አያ እጃቸውን አወጡ።

«ይህን ሁሉ በምን አወቃችሁት?» አሉ።

«ፕላውደን ያየውን ይጽፍ ነበር። ከሞተ በኋላ ወንድሙ በ1868 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመለት» አልናቸው።

አያ ዝም አሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሳቸው ግን ቀሩ።

«እኔም የመንገድ ወዳጅ ነበረኝ» አሉን።

በጎልማሳነታቸው አህያ እየነዱ ደብረ ታቦር ገበያ ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን ወንዝ ሞልቶ አህያቸውን ከነጭነቷ ጣላት። ከእስቴ የመጣ አንድ መንገደኛ ልብሱን ሳያወልቅ ገብቶ አወጣላቸው። ያን ሌሊት አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰው አደሩ። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ልጅ ሲወለድ ያ ሰው ክርስትና አነሣላቸው። አበልጅ ሆኑ።

ታዲያ ከስድስት ዓመት በፊት ያ የክርስትና ልጅ ሊዳር ሆነ። አያ ለአበልጃቸው በሰው በሰው መልእክት ላኩ። የሠርጉ ቀን ደረሰ፤ አበልጅ ግን አልመጡም። አያ አኮረፉ። አበልጅም ዝም አሉ።

«ስልክ የለም እንዴ?» ብለን ጠየቅን።

«ስልክማ በልጄ እጅ አለ። የኩርፊያ ነገር ግን በልጅ አፍ አይነገርም። በሰው እጅም አይጻፍም። አሁን ግን እጄ ፊደል ለምዷል» አሉን።

አያ ሦስት ቀን ሙሉ ጻፉ። እኛ የተሳሳተውን ፊደል ብቻ አሳየናቸው። ደብዳቤው አጭር ነበር። «ይድረስ ለውድ አበልጄ። እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጅህ ጥር 12 ቀን ሲዳር ለምን ቀረህ? እውነቱን ንገረኝ።»

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት በገበያተኛ እጅ መጣ። እናንብብልዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሳለፉ ራሳቸው አነበቡት።

«ለእኔ የደረሰኝ መልእክት ጥር 21 ቀን ነው የሚል ነበር። ጥር 20 ቀን ስጦታዬን ጭኜ ተነሣሁ። መንገድ ላይ ሠርጉ ካለፈ ሳምንት ሆነው አሉኝ። አበልጄ ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ከመንገድ ተመለስሁ።»

አያ 21 ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ሃያ አንድ! ሃያ አንድ ብሎ ነገረው!» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኛም ወደ ሰሌዳው ዞርን።

ቀጠሮ ተያዘ፤ ይህም በደብዳቤ ነበር። ነሐሴ 13 ቀን፣ የደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ በደብረ ታቦር መነኻሪያ። ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። ዝናብም ያካፋል። እኛም ከአያ ጋር ቆመን ጠበቅን። አንድ ሽማግሌ በከረጢት ዕቃ ይዘው ከመኪና ወረዱ። ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ አንዳቸውም አልተናገሩም። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ደግመው ተሳሳሙ።

«ሸመገልህ እኮ!» አሉ አያ።

«አንተስ! ጥርስህ የት ሄደ?»

አበልጅ ከረጢቱን ፈቱ። ስድስት ሙልሙል ዳቦ አወጡ። «ይህ ለክርስትና ልጄ ነው። ለየዓመቱ አንዳንድ ነው፤ የቀረብኝ ዕዳ ነው» አሉ። ልጁ ዛሬ የልጅ አባት ሆኗል። ግን ሙልሙሉን እጅ ነሥቶ ተቀበለ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፣ መልእክተኛው ክፉ ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለትና ሃያ አንድ በአፍ ሲተላለፉ ተምታቱበት። ይህች ትንሽ ስሕተት ግን ከሁለት ወዳጆች ስድስት ዓመት ወሰደች። ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አይምታታም ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤ ስትጽፉ ቀኑን ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ አንድ ጊዜ በቁጥር፣ አንድ ጊዜ በፊደል። ጥር 12፣ ጥር አሥራ ሁለት። ያኮረፋችሁት የሩቅ ወዳጅ ካለም የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለእሱ ጻፉ። እጃችሁ ገና ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። የአያ ፊደልም ጠማማ ነበረ፤ እስቴ ድረስ ግን ደረሰ።