የደብረ ታቦር ቤትና የክረምት እርጥበት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ትቶ ዳገቱን በወጣ መጠን፥ አየሩ እየቀዘቀዘ ጉሙም እየወፈረ ይሄዳል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናትና። በስተደቡብ ምሥራቋ የሚታየው፥ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው፤ ክረምት ከገባም ዝናቡ ከዚያ አገር እምብዛም አይርቅም።

ይህችን ከተማ ከ200 ዓመት ያህል በፊት ራስ ጉግሣ እንደ ቆረቆሯት፥ ዐፄ ቴዎድሮስም መናገሻቸው አድርገዋት በአቅራቢያዋ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. እንዳሠሩ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ መድፉ ሳይሆን፥ በዚያ አገር ቤተ ሰብ ሁሉ በየክረምቱ ስለሚገጥመው ጠላት፥ ይኸውም ስለ ግድግዳ እርጥበት ነው።

ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር እናታችንን ለመጠየቅ ወደ ደብረ ታቦር ሄደን ነበር። እቤት እንደ ገባን የሻገተ ነገር ሸተተን። አባታችን ያወረሱን የብራና ዳዊት እንደ ጥንቱ በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳው ኩላብ ላይ ተሰቅሎ ነበርና አውርደን ብንገልጠው፥ በግድግዳው በኩል ያለው ገበታ ረጥቦ ሻግቷል፤ ውዳሴ ማርያም የተጻፈባቸው የመጨረሻዎቹ ቅጠሎችም ቀለማቸው ደብዝዟል። እናታችንም አዝነው፥ «ልጄ፥ ጥፋቱ የጭቃው ነው ብለው ግድግዳውን በሲሚንቶ ካስለሰኑኝ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው» አሉን።

በማግሥቱ በዕድሜ የገፉ አንድ የቤት ሠሪ አስጠራን። እርሳቸውም ግድግዳውን በጣታቸው ቢመቱት ውስጡ ባዶ እንደ ሆነ በድምፁ ታወቀ። ልስኑን በመዶሻ ባነሡት ጊዜ ጭቃው ረጥቦ ይረግፋል፤ የቋሚዎቹም እግር ጣት እስኪያስገባ ድረስ በስብሷል።

«ጌታዬ» አሉን፥ «የጥንቱ የሣር ክዳን ከግድግዳው አልፎ ስለሚወርድ ጠፈጠፉ ርቆ ይወድቅ ነበር። ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ለቁጠባ ሲል ጫፉን ያሳጥረዋል፤ ውሃው ከግድግዳው እግር ሥር ወድቆ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይላወስምና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሳል።»

ይህ ነገር እውነት መሆኑን በዚያው አገር ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ያስረዳሉ። የመቅደሱ ግድግዳ፥ በላዩ ከተለጠፈው ሥዕል ጋራ፥ ረጅም ዘመን የሚኖረው ክዳኑ ቅኔ ማሕሌቱን አልፎ ስለሚዘረጋ ነው። ግድግዳውን የሚያኖረው ልስኑ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ጥላው፥ ከታችም ደረቅ እግሩ ነው።

ስለዚህ ዝናቡ አባርቶ ምድሩ በደረቀ ጊዜ፥ በኅዳር ሥራው ተጀመረ። አስቀድሞ ክዳኑ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ እንዲረዝም ተደረገ፤ አሸንዳም ተገጠመለት። በግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ተነሥቶ ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ የሚወስድ ቦይ ተቆፈረ። ከዚያም ክዳኑን በባላ ደግፈው የበሰበሱትን ቋሚዎች አንድ በአንድ ለወጡ፤ አዲሶቹንም በአፈር ውስጥ ሳይተክሉ በድንጋይ መሠረት ላይ አቆሙ። ለዚህ ሥራ ጽድ ቢገኝ ይመረጣል፤ ባይገኝ ግን ልጡ የተላጠና በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል።

ምርጊቱም የራሱ ሥርዓት አለው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋራ ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቦካል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁ ከታየ በኋላ ሁለተኛው ይደገማል፤ በመጨረሻ በእበት ይለቀለቃል። ነጭ እንዲሆን የፈለገ ኖራ ቢቀባው እርጥበቱን አያፍነውም።

ዘንድሮ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመልሰን ብናይ ቤቱ ደርቆ አገኘነው። አንድ ማዕዘን ብቻ በነፋስና በዝናብ ተልጦ ነበርና፥ እናታችን ጎረቤት ጠርተው በግማሽ ቀን አስመርገውታል። የጭቃ ቤት ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሕመሙን በቶሎ ያሳያል፥ መድኃኒቱም ከደጃፍ ይገኛል። ስለዚህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ቤታቸውን አንድ ጊዜ ዞረው፥ ጠፈጠፉ የት እንደሚወድቅ ቢመለከቱ መልካም ነው።

ዳዊቱ በጥላ ደርቆ አሁን በውስጠኛው ግድግዳ ተሰቅሏል። የደበዘዘው ቀለም ግን አልተመለሰም። ማታ ለእናታችን ስናነብላቸው ከዚያ ቅጠል በደረስን ጊዜ እኛ ዝም እንላለን፤ የቀረውን እርሳቸው በቃላቸው ይጨርሱታል።