ምን ልትጭንበት ነው?

መሸከሚያው የሰፋለት ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይጭናል። ትልቅ ዘንቢል ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ያላሰበውን ሸምቶ ሲመለስ፣ ሰፊ ቤት የተከራየም የማይቀመጥበትን ወንበር ሲገዛ አይተናል። ይህ ጠባይ በመኪና ጣሪያ ላይ ሲገለጥ ግን ዋጋው ከገንዘብ ያልፋል። እኔ ይህን የተማርኩት ከአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነው። ትምህርቱ እናቴን ሊያሳጣኝ ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበረ፣ በአነስተኛ ደመወዝ አሮጌ መኪና ለሚያንቀሳቅሱም ሆነ ወደ ፊት ለሚመኙ አንባቢዎች ባካፍለው አይከፋም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

መኪናይቱ የአጎቴ ነበረች። እሳቸው ሲያርፉ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ተሰብስቦ ለእኔ እንድትሰጥ ወሰነ፤ ምክንያቱም ሌላ የሚፈልጋት አልተገኘም። በ1966 ዓ.ም. የተሠራች፣ ሻንሲዋ ረጅም፣ ወንበሯ ብዙ የሆነች ላንድሮቨር ናት። ይህች የመኪና ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በ1940 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948) በአምስተርዳም ከተማ በተደረገው የመኪና ትርኢት ነው። ጦርነቱ ካለቀ ገና ጥቂት ዓመት ስለ ነበረ በእንግሊዝ አገር ብረት በመጠን ይታደል ነበር፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ የውጭ አካሏን ከአሉሚኒየም ቅይጥ አበጁት።

የእኔይቱ ጣሪያ ደግሞ ድርብ ነው። ከዋናው ጣሪያ በላይ ሌላ ስስ ሽፋን አለ፤ በሁለቱ መካከል ነፋስ እያለፈ የፀሐዩን ሙቀት ይቀንሳል። ለበረሃ የታሰበ ብልሃት ነው። ነገር ግን ያ ሽፋን ጥላ እንጂ ወለል አይደለም፤ ሰው ቢረግጠው ይጎደጉዳል። ሸክም የሚችለው በጣሪያው ዳርና ዳር የዝናብ ውኃ የሚወርድበት አሸንዳ ነው። ከጣልያንኛ ወርሰን ፖርቶ መጋላ የምንለው የዕቃ መጫኛም እግሮቹን የሚተክለው በዚሁ አሸንዳ ላይ ነው።

የዛሬ 6 ዓመት እናቴ፣ ከእኔ ጋር ጥቂት ዘመን በአዲስ አበባ ከኖረች በኋላ፣ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ መንዝ ተመልሳ በራሷ ጎጆ መኖር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ዕቃዋ ብዙ ነው፤ የእኔ ደመወዝ ጥቂት ነው። ሁለት ጊዜ የምመላለስበት የቤንዚን ገንዘብ ስላልነበረኝ፣ ሁሉንም በአንድ ጉዞ የሚያደርስልኝ ትልቅ ፖርቶ መጋላ ለማሠራት ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ።

በያጁ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። መኪናይቱን ዞር ብለው ተመለከቱና፣

«ምን ልትጭንበት ነው?» አሉኝ።

«የተገኘውን ሁሉ ጋሼ፤ ብቻ ትልቅና ጠንካራ ይሁን» አልኳቸው።

«ትልቅና ጠንካራማ ራሱ ሸክም ነው» አሉ። እኔ ግን ገንዘብ ለመቆጠብ የሚሉት መስሎኝ አልሰማኋቸውም። እንደ ፈቃዴ ከ40 በ40 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ሠሩልኝ፤ ወለሉንም በላሜራ እንዲያለብሱት ጠየቅኩ። እግሩን ስምንት ላድርገው ቢሉኝ፣ የሥራው ዋጋ እንዳይጨምር ብዬ አራት ይበቃል አልኩ። ውጤቱ ለዐይን የሚያኮራ ነበር፤ የሰፈር ልጆችም ከበው አደነቁት። ባዶውን ስንት እንደሚመዝን ግን አልጠየቅኩም።

በኋላ በወረቀት ላይ አሰላሁት። ያ ቱቦላሬ፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ሲሆን፣ አንዱ ሜትር 2.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 30 ሜትር ገብቶበታል። ላሜራው ብቻውን 40 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ፍሬ ዕቃ ሳይጫንበት ወደ 110 ኪሎ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ 1 ኩንታል እህል፣ 40 ሊትር ውኃ፣ 20 ሊትር ቤንዚን፣ 34 ኪሎ የሚመዝን ስኮርት ጎማ፣ የብረት አልጋና ምጣድ ጫንኩ። ሲደመር 330 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ አምስት ጎልማሶችን ጣሪያ ላይ አስቀምጦ እንደ መጓዝ ማለት ነው። የእናቴ ፍራሽ ቦታ ስላጣ ቤት ቀረ።

እስከ ደብረ ብርሃን መንገዱ ሜዳ ስለ ነበረ ምንም አልታወቀንም። ጣርማ በርን ስንቃረብ በየመታጠፊያው መኪናይቱ ወደ ጎን ስታዘነብል ተሰማኝ፤ መሪውን ካቃናሁ በኋላ እንኳ እሷ ለመቃናት ትዘገይ ነበር። ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ ወደ እናቴ መንደር በምታገባው የገጠር ጥርጊያ ገባን። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበርና የቀኙ ጎማ ጎርፍ በቦረቦረው ቦይ ውስጥ ሰመጠ። ከላይ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፖርቶ መጋላው የፊት እግር ከአሸንዳው ተስፈንጥሮ ወጥቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፤ የግራ ጎማዎቻችንም ከመሬት ተነሡ። እናቴ «ማርያም ድረሽ!» ስትል ሰማኋት። መኪናይቱ ግን አልተገለበጠችም፤ ጎኗ በቦዩ ዳር ባለው የአፈር ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆመ። ግድግዳው ባይኖር ኖሮ ከበታቹ ገደል ነበር።

እናቴን በግራው በር አወጣኋት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋ ከቁጣ ይልቅ ጎዳኝ።

ከማሳቸው ሮጠው የደረሱ ገበሬዎች ጭነቱን አራግፈው መኪናይቱን በገመድ ጎትተው አቃኑልን። ከእነሱ መካከል አንድ ሽማግሌ የተቆለለውን ዕቃ አየት አድርገው፣

«ልጄ፣ አህያ ስትጭን ጭነቱን ጀርባዋ ላይ ትቆልለዋለህ ወይስ በሁለት ጎኗ ታወርደዋለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በሁለት ጎኗ ነው አባባ።»

«ታዲያ ይህችስ ምን በደለችህ?»

መልስ አልነበረኝም። ዕቃው በማግስቱ በአህዮች ጎንና ጎን ተመዝኖ መንደር ገባ፤ እናቴም የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች።

ሽማግሌው በአንድ ጥያቄ የተናገሩት የመሐንዲሶች ትምህርት ነው። የእኔ መኪና ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 2 ሜትር ያህል ናት፤ በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል ያለው ስፋት ግን 1 ሜትር ከ30 ገደማ ብቻ ነው። ቁመቷ ከእግሯ ስፋት የሚበልጥ ነገር ሚዛኗን የምትጠብቀው ክብደቷ ወደ ታች ስላዘነበለ ነው፤ ሞተሩ፣ ሻንሲውና አክሱ ሁሉ ከታች ናቸው። ክብደትን ወደ ላይ ባወጣን ቁጥር መኪናው ለመገልበጥ የሚበቃው ዘንበል ማለት እያነሰ ይሄዳል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ለጣሪያ የሚፈቅዱትን ክብደት በመመሪያ መጽሐፋቸው የሚወስኑት፤ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። በኮረኮንችና በተዳፋት ደግሞ ከዚያም ማሳነስ ይገባል።

ወደ በያጁ ስመለስ ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን የተጣመመውን ብረት አገላብጠው ካዩ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፦ «ምን ልትጭንበት ነው?»

በዚህ ጊዜ ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድንኳን፣ ባዶ ጀሪካን ይላል። ቦታ የሚይዝ፣ ክብደት የሌለው ነገር ሁሉ ከላይ፤ እህል፣ ውኃና ጎማ በመኪናው ወለል ላይ በፊትና በኋላ እግር መካከል። ፈገግ አሉና ሥራ ጀመርን።

አዲሱ ፖርቶ መጋላ ከ25 በ25 ሚሊሜትር ስስ ቱቦላሬ ተሠራ፤ አንዱ ሜትር 1.1 ኪሎ ብቻ ነው። 22 ሜትር ስለ በቃን ከነእግሮቹ 30 ኪሎ ያህል ሆነ። ላሜራ የለውም፤ ርብራብ ብቻ ነው። ከፊት መስተዋቱ አልፎ አይወጣም፤ ካለፈ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋልና። ከጣሪያውም በላይ ጨርቅ የያዘ እጅ እንዲያልፍ ያህል ብቻ ከፍ ብሏል።

ከመትከላችን በፊት ግን አሸንዳውን መረመርን። በአሮጌ መኪና ላይ ስቲኮና ቀለም ብዙ ኃጢአት ይሸፍናሉ። በካቻቢቴ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ነካ ነካ እያደረግን ስንሄድ፣ የቀድሞው እግር የነበረበት ስፍራ ነጭ ዱቄት አውጥቶ አገኘነው። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው በመካከላቸው ውኃ ሲገባ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። ስለዚህ ያ ስፍራ ከታደሰ በኋላ በየእግሩ ሥር ወፍራም ጎማ አነጠፍን። እግሮቹን በየጎኑ አራት አራት፣ በድምሩ ስምንት አደረግናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለው ተረት ለአሸንዳም ይሠራል። ቡሎኖቹንም አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሳይሆን፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቅን ቀስ በቀስ አጠበቅናቸው፤ በየዳዶው ሥር ሮንዴላ ገባ። ጣሪያውን አልበሳነውም፤ የተበሳ ጣሪያ ክረምት ሲመጣ ያፈሳልና። ከ50 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ቆም ብዬ እንደገና እንዳጠብቃቸው አዘዙኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ጎማው ተረግጦ ሁለቱ ላልተው አገኘኋቸው።

ደግሞም የማያስፈልግ ጊዜ ማውረድ ነው። ባዶ ፖርቶ መጋላ ነፋስ እየገፋ ቤንዚን ይበላል፤ ቡሎን በመፍታት የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ግን ምንም አያስከፍልም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያ የቀረው ፍራሽ ለባለቤቱ ይደርስ ዘንድ እንደገና ወደ መንዝ ሄድኩ። እናቴ በመንደሩ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ፍራሹን ካወረድን በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ እንዳደርሳት ጠየቅኳት። መኪናይቱን ዞረች፤ ጣሪያዋንም አንጋጣ አየች።

«ከላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ከገበያ ስንመለስስ?»

«እህሉ ከእግራችን ሥር ይሆናል። ከላይ ባዶ ቅርጫት ብቻ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው እንሂድ» አለች።