እግር የሚያወጣ ቤት

ሰው ቤት መቀመጥ ሲሰለቸው ለቤቱ ጎማ ገጠመለት፤ ጎማው አላስተኛ ሲለው ደግሞ እግር ገዛለት። በመኪና እየተጎተተ ዱር የሚያድረው የአሜሪካኖቹ ትራቭል ትሬለር ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው።

የባለቤቴ ወንድም እዚህ አሜሪካ አንድ አለው፤ ሙቀቱ ሲገባ ቤተሰቡን ሰብስቦ ይዞን ይወጣል። አማቴ የመጀመሪያ ቀን ገብተው አረፍ እንዳሉ ልጁ ከኋላ አልጋው ላይ ተገላበጠ፤ ከፊት ጠረጴዛው ላይ ያለው ቡናቸው ስኒው ውስጥ መርገብገብ ጀመረ። «ልጆች፣ ቆመናል ወይስ እየሄድን ነው?» አሉ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጥፋተኛውን ፍለጋ ወደ ኋላ ብሄድ ብሄድ እንግሊዝ አገር ደረስኩ።

በፈረንጆቹ 1804 ኦባዲያ ኤሊየት የሚባል ሠረገላ ሠሪ ለሠረገላ ባሌስትራ ገጥሞ የፈጠራ መብት አወጣበት። የጌቶች ወገብ ተረፈ። በ1885 ጎርደን ስቴብልስ የሚባል የቀድሞ የባሕር ኃይል ሐኪም በፈረስ የሚጎተት የሽርሽር ቤት ብሪስቶል ውስጥ አሠራ። በ1888 ደንሎፕ የሚባል ሰው በነፋስ የሚነፋውን ጎማ ጨመረበት። ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ላይ ዋሊ ባያም መጣ፤ ሚስቱ «ያለ ወጥ ቤቴ ዱር አላድርም» ብትለው ነው ተሳቢ ቤት መሥራት የጀመረው ይባላል። በ1931 ኤርስትሪምን መሠረተ። በ1959 ደግሞ 41 ተሳቢ ቤቶች አስከትሎ ከኬፕታውን ተነሣ፤ አገራችንንም አቋርጦ፣ ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝቶ፣ በማግስቱ ዓመት ካይሮ ገባ። የዚያን ዘመን መንገዳችንን ለሚያውቅ ሰው ባሌስትራ ቅንጦት አለመሆኑን ማስረዳት አያሻም።

እንግዲህ ማታ የሚያናውጠን፣ ቀን ሳህናችንን ከመሰበር ያዳነው ያው የባሌስትራው ልስላሴ ነው። ቤቱ መሐሉ አካባቢ ባሉት ጎማዎች ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ጫፍ ላይ ሰው ሲቆም ሌላው ጫፍ ይነሣል።

መድኃኒቱ ወግ አለው። መጀመሪያ ዝቅ ያለው ጎን ሳንቃ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል፤ ፊቱም ከፍና ዝቅ እየተደረገ በውሃ ልክ ይታያል። እግሮቹ የሚወርዱት ከዚህ በኋላ ነው። በአራቱም ማዕዘን ሥር ክሪክ ጉልበቱን አጥፎ ተኝቷል። እጀታውን ሲያዞሩት ብሎኑ ሁለቱን ጉልበቶች ወደ መሐል ይስባል፤ እግሩ ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለችውን ጣውላ ይነካል፣ እጀታው ይከብዳል። የባለቤቴ ወንድም የሚጮኸው እዚህ ላይ ነው፦ «በቃ! ደግፈው እንጂ አታንሣው!» እውነቱን ነው፤ ይህ ክሪክ ቤቱን ልሸከም ካለ ሻንሲው ይጣመማል፣ በሩም አልዘጋ ይላል።

ብሎን መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት ጉልቻ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይወላገድም፤ እግር አራት ሲሆን ግን አንዱ አየር ላይ መቅረቱ አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱ በየራሱ ልክ መውረድ፣ በወረደበትም መርጋት አለበት። ብሎን ለእጅ ይታዘዛል፣ ለሸክም ግን ወደ ኋላ አይልም። ቪላር ደ ኦንኩር የሚባል ፈረንሳዊ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባድ ነገር የሚያነሣ ብሎን ደብተሩ ላይ ሥሎ ትቷል። መድኃኒቱ በሽታውን ከ500 ዓመት በላይ ተቀምጦ ጠብቆታል ማለት ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ጠዋት መንገድ ስንጀምር አራቱም ብሎኖች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ እግሩን ሳይሰበስብ የተነሣ ሰው ያለ እግር ይደርሳልና። ቤቱ እንዲሄድ ከፈልን፣ እንዳይሄድ ከፈልን፣ እንደገና እንዲሄድ ላባችንን ጠብ አደረግን። ይህን ሁሉ ጨርሰን ሰኞ ሥራ ስንገባ አለቃችን «እረፍት እንዴት ነበር?» ይለናል።