አራት ፒክስል

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ዴስክቶፕ የማስጌጥ ሱስ ነበረብኝ። ሱስ ስል እያጋነንኩ አይደለም። በማግስቱ ፈተና እያለብኝ ሬይንሜትር ላይ የሰዓት ቅርጽ ስነካካ ያደርኩበት ሌሊት አለ። (ሬይንሜትር ለማታውቁት፦ ሰዓቱን፣ የአየር ሁኔታውን፣ የሚሞሪውን መጠን ዴስክቶፕ ላይ በፈለጋችሁት መልክ የሚያስቀምጥላችሁ ነፃ ፕሮግራም ነው።) ከዚያ ደግሞ ሬጂስትሪን አገኘሁ። ዊንዶውስ በየትኛውም መስኮት የማያሳያችሁ ብዙ ሴቲንግ የተቀመጠበት ጓዳ በሉት። እዚያ ውስጥ «ሜኑ ሾው ዲሌይ» የምትባል ነገር አለች። ንዑስ ሜኑ ከመከፈቱ በፊት ዊንዶውስ 400 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ያቺን ቁጥር 0 አደረግኳት። ሜኑዎቹ ገና ጠቋሚው ሲነካቸው ብው ብለው ይከፈቱ ጀመር። የዶርም ልጆች ተሰብስበው አዩልኝ። የማውሱን ፍጥነትም ጫፍ አደረስኩት፣ አይከኖቹን አሳነስኩ፣ ታስክባሩን ደበቅኩ። በቃ ለእኔ እጅ ተለክቶ የተሰፋ ኮምፒውተር ሆነ።

ሥራ ስይዝ አዲስ ገዛሁና ያንን ላፕቶፕ ለአባዬ ሰጠሁት። ራሱ ጠይቆኝ ነው። አባዬ ደብረ ብርሃን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ ስለሆነ ቦታውን የተሻማው ሰው አልነበረም። «ደብተር እስከ መቼ? እኛም እንዘምን እንጂ» አለኝ። ደስ አለኝ። ማውስ ገዛሁለት፣ ኤክሴል አስተማርኩት። ፋይሎቼን አጥፍቼ ነበር የሰጠሁት፤ ሴቲንጎቼን ግን አልነካኋቸውም። እንዲያውም ፈጣን ኮምፒውተር የሰጠሁት መስሎኝ ነበር።

ሦስት ዓመት ያህል ሠራበት። ባለፈው ዓመት ግን ስልክ ማብዛት ጀመረ። «ፋይሉ አልከፈት አለኝ።» «ስሙ ተቀየረብኝ።» «ፎልደሩ ጠፋ።» እኔም ያው ሁላችንም ለወላጆቻችን የምንመልሰውን መለስኩለት፦ አጥፍተህ አብራው፣ ቫይረስ ይሆናል። አንድ ቀንማ (ይኼን መጻፍ ያሳፍረኛል) «አባዬ፣ ደግሞ ምን ነክተህ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ አየዋለሁ» ብሎ ዘጋው። ለሳምንታት አልደወለም።

የደወለችው እማዬ ናት። እድሩ ስብሰባ ላይ የዓመቱ ሂሳብ ሊነበብ ነበር፤ ፎልደሩ አልተገኘም። አባላቱ «ችግር የለም መምህር፣ ለሚቀጥለው» ብለውታል። እሱ ግን ቤት ገብቶ ጋቢውን እንደለበሰ ተቀመጠና ጸሐፊነቱን እንደሚለቅ ተናገረ። «አርጅቻለሁ» ብሎ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ፎልደሩን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ የእህቴ የሰርግ ፎቶዎች ያሉበት ፎልደር ውስጥ ገብቶ ነበር። ሌላ ፋይል ደግሞ ስሙ «8» ብቻ ሆኗል።

«እስቲ አባዬ፣ ስትከፍተው ልይ» አልኩት።

ተቀመጠና ማውሱን ያዘ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ብዙ አይደለም፣ ራቅ ብላችሁ ካያችሁት አታስተውሉትም። ጠቋሚው ግን አይደብቅም፤ እኔ ጫፍ ያደረስኩት ፍጥነት የእጁን ንዝረት አብዝቶ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። አንዴ ጠቅ አደረገ። ሁለተኛውን ሳይደግም ጠቋሚው ፈቀቅ አለ፤ ፋይሉ አልተከፈተም። ረጋ ብሎ ደገመው። አሁን ደግሞ ስለዘገየ ዊንዶውስ ስም ሊቀይር ነው ብሎ የስሙን ሳጥን ከፈተለት። በሦስተኛው ጣቱ ሳይነሳ እጁ ሸርተት አለ፤ ፋይሉ ተጎትቶ አጠገቡ ካለው ፎልደር ገባ።

ቀና ብሎ አየኝ። «አየህ? እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።»

ምንም አላልኩም። ሂሳቡን ላመሳክር ብዬ የድሮውን ደብተር አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የማውቀው የአባዬ ጽሕፈት ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያሰልፈው ዓይነት፣ ቀጥ ያለ። ወደ መጨረሻው ግን ፊደሎቹ ጠርዛቸው ይሞነጫጨራል፣ 7ቱ ከ1 አይለይም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ወር ላፕቶፑን የጠየቀኝ ወር ነው። እንዘምን ያለኝ ለካ ለዚህ ነበር። ቡና በሲኒ መጠጣት የተወውም ያኔ ነው። «ሲኒ አታጠግበኝም» ይላል፤ በትልቅ ኩባያ ይቀዳለታል፣ ግማሽ ብቻ።

ሌሊት ላፕቶፑን ሳሎን ከፈትኩ። መጀመሪያ ፕሮግራም ልጽፍለት ነበር (የእኛ ሰው በሽታ!)። አላስፈለገም። ዊንዶውስ ሁለት ጠቅታን አንድ ደብል ክሊክ ብሎ የሚቆጥረው በጊዜም በቦታም ሲቀራረቡ ነው። የጊዜው ገደብ ካልተነካ 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ማስተካከያው የማውስ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። የቦታውን ግን እዚያ አታገኙትም። ሬጂስትሪ ውስጥ «ደብል ክሊክ ዊድዝ» እና «ደብል ክሊክ ሃይት» የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ካልተነኩ ሁለቱም 4። ሁለተኛው ጠቅታ በመጀመሪያው ዙሪያ ካለች 4 በ4 ፒክስል ሳጥን ከወጣ አይቆጠርም። በተለመደ ስክሪን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ለመጎተትም እንዲሁ «ድራግ ዊድዝ» እና «ድራግ ሃይት» አሉ፤ እነሱም 4። ጣታችሁ ሳይነሳ ከዚያ ካለፋችሁ እየጎተታችሁ ነው ማለት ነው።

የደብል ክሊኩን 16 አደረግኩ፣ የመጎተቱን 40። ጊዜውን አረዘምኩ፣ የማውሱን ፍጥነት ቀነስኩ። ሜኑውን ወደ 400 ስመልሰው ያ ጥበቃ ለምን እንደተቀመጠ ገባኝ፤ እጁ ትንሽ በሳተ ቁጥር አባዬ ላይ ሌላ ሜኑ ብው ይልበት የነበረው በእኔ 0 ነው። በአንድ ጠቅታ ብቻ የሚከፍት አማራጭም ነበረ፤ ግን ወዲያው ይታወቃል። እኔ የፈለግኩት የማይታይ ነገር ነበር። ወጥቼ መልሼ ገባሁ፣ ሞከርኩት፣ ዘጋሁት።

ጠዋት አባዬ ፋይሉን በመጀመሪያው ሙከራ ከፈተው።

«ምን ሆኖ ኖሯል?»

«ሴቲንጉ ነው የተበላሸው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«እኔም ብያት ነበር» አለ፣ ወደ እማዬ እያየ።

ጸሐፊነቱን አልለቀቀም። መጋቢት ላይ ደወለልኝ። ስለ ብርዱ፣ ስለ እህቴ ልጅ አወራን። ልንዘጋው ስንል፦

«ያቺን ቁጥር ትንሽ ጨምርልኝ።»

«የቷን ቁጥር?»

«ሌሊት የነካካሃትን ነዋ። እኔ እኮ አልተኛሁም ነበር።»

የምለው ጠፋኝ።

«ስንት ነበር ያደረግካት?»

«አስራ ስድስት።»

«ሃያ አራት አድርጋት» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። አዲስ አበባ ነው። ለእናትህ አልነገርኳትም።»

«መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ» አልኩት።

«በጠዋት ነው የምነሳው» አለ። «ላፕቶፑንም ይዤው እመጣለሁ።»