የተሜ ባርኔጣ

የስንደዶ ሽታ ባወደኝ ቁጥር ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ትዝ ትለኛለች። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ፣ እኛ ደበሎ ለባሾቹ ከየጎጇችን እየወጣን ስንደዶ ልንነቅል በየዳገቱ እንበተን ነበር። ከጎጃም የመጣ አለ፣ ከወሎም፣ ከሸዋም። ድጓ የተማረ ሰው እዚያ ሄዶ ካላስመሰከረ ልቡ አያርፍማ!

ባርኔጣ መስፋት ያስተማረኝ በዕድሜም በትምህርትም የሚቀድመኝ ተማሪ ነው። ዝምተኛ ነበር። አክርማውን በቅል ውኃ ዘፍዝፎ፣ ለስለስ ሲልለት ይሰነጥቀዋል። የስንደዶውን ጭብጥ ጫፉ ላይ ጠምዘዝ አድርጎ በወስፌ ይበሳና አክርማውን አሾልኮ ይስበዋል፤ ሲጥ ይላል። ደግሞ ይበሳል፣ ደግሞ ሲጥ። «አትቸኩል ወንድሜ፤ ካላላኸው ፀሐይ ያስገባል፣ ካከረርከው ይበጠሳል» ይለኛል። ክቡ ራስ ሲያህል ወደ ታች ያጎብጠዋል፣ ከዚያ ክፈፉን ያወጣለታል። ልኩን የሚያየው በእኔ ራስ ነበር፤ የርጥቡ ሣር ቅዝቃዜ እስካሁን ግንባሬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

እጅ ሲሰፋ አፍ አያርፍም። የጥንቱን ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ በውስጧ የያዘችው ክቧ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተቀምጠን የቀኑን ዜማ እናንጎራጉራለን። ይዘት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት... አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሠሯቸው የሚባሉት ምልክቶች በወስፌው ምት ልባችን ውስጥ ገቡ። ከመካከላችን ዜማ የሳተ እንደሆነ ያ ወንድሜ አይቆጣም፤ ወስፌውን አየር ላይ ያቆመዋል። እስክናቃና ይጠብቃል። ከዚያ መስፋቱን ይቀጥላል።

አኮፋዳ አንግተን «በእንተ ስለ ማርያም» ብለን ከምንቆምባቸው ደጆች አንዱ ላይ አንዲት እናት ነበሩ። ውሻቸውን ገሥጸው፣ ትኩስ ቁራሽ ሰጥተውን፣ ለሞሰባቸው ካስቀመጡት ቀይ አለላ ቆንጠር አድርገው ይጨምሩልናል። «እንካ ተሜ፣ ይቺን ደግሞ ለባርኔጣህ!» እንግዲህ የእኛ ባርኔጣ ቀይ ቀለበት ነበረው። የኅዳር ፀሐይ የመታው አጫጅ ገበያ ላይ ከሩቅ ያውቀዋል። በሽያጩ ጨውና በርበሬ እንገዛለን፣ ለቀለምና ለብራናም ጥቂት እንቆጥባለን። ያኔ ሀብታሞች ነን!

በቅርቡ አንድ ገበያ ውስጥ ሳልፍ የጨርቅና የፕላስቲክ ባርኔጣ ተከምሮ አየሁ። ርካሽ ነው፣ ለገበሬው ጥሩ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን አንዱን አንስቼ ባሸተው ምንም አይሸትም። ሆዴ ባባ።

ያ የወስፌ መምህሬ ዝማሬ መዋሥዕት ሊቀጽል ወደ ዙር አባ ሄደ፤ ሌሎቻችን አቋቋም ብለን ወደ ጎንደር በዓታ፣ ከዚያም ወደየደብራችን ተበተንን። ዛሬ እሱም የኔታ ተብሎ ተማሪ ከቦት ይሆናል። የት ደብር እንዳለ የሚያውቅ ሰው ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!