ያልገፋን መኪና

እናቴ አንድ የማታውቀውን ሹፌር ስትረግም ከአሥር ዓመት በላይ ሆናት። ሰውየው በድሏት አይደለም፤ እኔ ዋሽቻት ነው።

ጊዜው ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ነው። ሞተር ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ገና ሦስት ሳምንቴ፤ እሱም በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ፣ መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ። የ16 ዓመት ታናሽ ወንድሜን ከኋላ አፈናጥጬ ሸዋ ሮቢት አክስታችን ዘንድ ልወስደው ተነሳሁ። ለእማዬ በሚኒባስ እንሄዳለን አልኳት። ያለን ሄልሜት አንድ ብቻ ነበር። እኔ አደረግሁት።

ጣርማ በር ስንደርስ ሞተሩ ይታፈን ጀመር። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ያኔ ይህን የት አውቄ! እጀታውን እስከ መጨረሻው እጠመዝዛለሁ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቦረቦሩት ዋሻ ውስጥ ስንገባ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ የወንድሜን ራስ አበሰበሰው። እኔን አልነካኝም።

ከዋሻው ስንወጣ ጉም ዋጠን። ቁልቁለቱ ከዚያ ይጀምራል፤ መንገዱ ገደሉን እየታከከ ይጠማዘዛል። ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ፍሪ ለቀቅሁት፤ ማርሹ ሊይዘው የሚገባውን ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ጣልኩት። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ሁለቱንም ፍሬቻ እያበራ ቀስ ብሎ ይከተለናል። ሊቀድመን አልሞከረም። እንዲያውም መንገዱ የሚታየኝ በእሱ መብራት ነበር።

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ወንድሜ ወገቤን ጨምቆ "ቀስ በል" አለኝ። "ዝም በል" አልኩት። ኩርባው ላይ የኋላውን ፍሬን ብረግጠው አልይዝ አለ፤ የፊተኛውን ጨመደድኩት፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ ጎማው ሸሸ። የወደቅነው ወደ ተራራው በኩል ነው። ወደ ገደሉ ያልሆነው በእኔ ችሎታ አይደለም።

የወንድሜ ቀኝ እግር ከሞተሩ ሥር ገብቶ ነበር። ጫማው ወልቋል። ካልሲው ተረከዙ ላይ እማዬ በቀይ ክር የጠቀመችው ነበር፤ ያ ቀይ ክር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ሹፌሩ ጎማው ሥር ድንጋይ ደግፎ ሮጦ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ወንድሜን አቅፎ ወሰደና ወንበሩ ላይ አስተኛው፣ የራሱን ጋቢ አለበሰው። እኔን አልተቆጣኝም። "ልጄ፣ ቁልቁለት የሚወረደው በሚወጣበት ማርሽ ነው" አለኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመረም። ደብረ ሲና ሐኪም ቤት አደረሰን፤ ብር ብሰጠው እምቢ አለ። የወንድሜ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ አይቶ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች ቆሎ ገዛና እጁ ላይ አፈሰሰለት።

ያን ዕለት ማታ እማዬ ስልክ ላይ ስታለቅስ "የጭነት መኪና ገፋን" አልኳት።

ከአፌ ዱብ ያለ ውሸት አልነበረም። እንደምታምነኝ አውቄ ነው። እኛ ዘንድ አደጋ ባለበት ትልቅ መኪና ከቆመ ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እኔም በዚያ ፍርድ ተከለልኩ። ለዓመታት ራሴን የከሰስኩት በፍሬኑ ነበር። ፍሬኑ አለማወቅ ነው። ሄልሜቱን ሳጠልቅ ግን አላመነታሁም፣ ስልኩ ላይም አላመነታሁም፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሴን ሸፍኜ ሌላውን ሰው ሜዳ ላይ ተውኩት።

ወንድሜ ውሸቴን አልጋው ላይ ተኝቶ ሰምቷል። አላጋለጠኝም። ክረምት በገባ ቁጥር እግሩን ሲያሽ እማዬ ታየዋለች፣ "ያን ጨካኝ የእጁን ይስጠው" ትላለች፣ እኔም አሜን እንደሚል ሰው አቀርቅሬ እቀመጣለሁ።

እማዬ ማንበብ አትችልም። ቅዳሜ ይህን ጽሑፍ ይዤ ሄጄ አነብላታለሁ። ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና "ቆሎውንስ ጽፈኸዋል?" አለኝ።